ቺንጋ ይጠብቃል

ሰፈርተኛው ሁሉ «ደቂቃ» እያለ የሚጠራት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ኅዳር ዐሥራ አራት ቀን፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ የመኪናዋን ቁልፍ ለመካኒኩ አስረከበች። ቅጽል ስሙ የወጣላት ቀጠሮ ስለማታሳልፍ ነው። ቀጠሮ ማክበር ለሌላው ሰው የጠባይ ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ ለእርሷ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ የተጫናት ግዴታ ነበር።

የታናሽ ወንድሟ ኩላሊቶች ሥራ ካቆሙ ወዲህ፣ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ሆስፒታል እየሄደ ደሙን በማሽን ያሳጥባል። ማሽኑ ለበሽተኞች በሰዓት ተከፋፍሎ የተመደበ ስለ ሆነ፣ የዘገየ ሰው ወይ ከሰዓቱ ይቀነስበታል፣ ወይ ተራው ለሌላ ይሰጥበታል። ከቤታቸው እስከ ሆስፒታሉ ሃያ ሦስት ኪሎ ሜትር ነው። ደቂቃ ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ ወንድሟን ታለብሳለች፣ ደግፋ መኪና ውስጥ ታስገባለች፣ አራት ሰዓት ሙሉ ኮሪደር ላይ አንድ እግሩ ባጠረ ወንበር ተቀምጣ ትጠብቃለች፤ ከዚያም ወንድሟን ቤት መልሳ ወደ መሥሪያ ቤቷ ትሮጣለች። የጎደለባትን የሥራ ሰዓት ቅዳሜ ታሟላለች። ጠግባ የተኛችበትን ቀን ብትጠየቅ ባላስታወሰች ነበር።

እንዲህ ያለው ኑሮ በሙሉ የተንጠለጠለው በአንድ የጎማ ቀበቶ ላይ ነው። የጋራዥ ሰዎች የታይሚንግ ቺንጋ ይሉታል። ፍሬን ሲያልቅ ይጮኻል፤ ጎማ ሲሳሳ ዐይን ያየዋል፤ ቺንጋ ግን ሞተር ውስጥ ተሸፍኖ ይኖርና አንድ ቀን ይበጠሳል። ያን ጊዜ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፣ ሞተሩም አፈር ይበላል። መመሪያው መጽሐፍ «በመቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ይቀየር» ይላል፤ ቆጣሪው ዘጠና ስድስት ሺህ ላይ ነበር። ይሁንና መኪናዋ በሁለት ሰው እጅ አልፋ የመጣች ስለ ሆነች፣ ቺንጋው ከዚህ በፊት ይቀየር አይቀየር የሚያውቅ አልነበረም።

«የውሃ ፓምፑም አብሮ መፈታት አለበት» አላት መካኒኩ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «ሁለት ቀን ሙሉ ትተዪልኛለሽ።»

«ሁለት ቀን ከየት ላምጣ ጋሼ? ዛሬን ብሰጥዎ ነገ ረቡዕ ነው። ሐሙስን ብሰጥዎ ማግስቱ ዓርብ ነው። ቅዳሜን ልስጥዎ ብል እሑድ ይዘጋሉ።»

«እኔስ ነፍስ የለኝም እንዴ? ሰባቱንም ቀን ልሥራ?»

«የእኔ ነፍስ ሰባቱንም ቀን እየሠራች አይደለም?»

መካኒኩ ሣቀ። «በይ ሂጂ፤ ዛሬ ከፍቼ ልየውና ከዚያ እንወስናለን። ማታ ስትመጪ አልኖርም፤ ያየሁትን ጽፌ አኖርልሻለሁ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፣ እህቴ።»

ማታ ስትመለስ መሪው ላይ ከመለዋወጫ ዕቃ ማሸጊያ የተቀደደች፣ መዳፍ የማትሞላ ካርቶን ተሰክታ አገኘች። በእርሳስ የተጻፈባት ይህ ብቻ ነው፤ «የውሃ ፓምፕ ደኅና። ቺንጋ ይጠብቃል።»

ደቂቃ «ብ»ን አጥብቃ አነበበችው። ቺንጋው ይታገሣል፣ አያስቸኩልም ማለት ነው ብላ ተነፈሰች። ፊደላችን የሚጠብቀውን ድምፅ ከሚላላው ለይቶ አይጽፍም፤ ነገሩን ለአንባቢ ማስተዋል ይተወዋል። ማስተዋል ደግሞ ዕረፍት ይፈልጋል። ይህች ሴት በመዝገብ ቤቱ በቀን መቶ ደብዳቤ የምትመረምር፣ ቀን የጎደለውን በቀይ እስክሪብቶ ከብባ የምትመልስ ናት፤ ካርቶኗን ግን ቆማ አንድ ጊዜ አንብባ አመነቻት፤ ልትሰማ የፈለገችውን ነግራታለችና።

ወንድሟ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ሲጠብቃት ነበር።

«እትዬ፣ ምን አለ መካኒኩ?»

«ይጠብቃል አለ።»

«ተመስገን! ዕድሜ ልኬን የሰው ልብስ ስሰፋ ኖሬ፣ ይኸው በሳምንት ሦስት ቀን የምታጠብ ልብስ ሆኛለሁ። መኪናዋም ብትቆም ኖሮ የቀረኝ መተኮስ ብቻ ነበር።»

«ነገረኛነትህንማ መታጠቡም አላስለቀቀልህ። ተነሥ፣ እራትህ ቀዘቀዘ።»

ዐሥር ቀን እንዲሁ አለፈ። ኅዳር ሃያ አራት ቀን፣ ዓርብ፣ ከመንገዱ እኩሌታ ላይ ሲደርሱ ወንድሟ ቀና አለ።

«እትዬ፣ ሬዲዮኑን ዝጊው እስቲ።»

«ዝግ ነው።»

«ታዲያ ማነው የሚያፏጨው?»

«መኪናዋ ናት። ስትሞቅ ነው፤ ሰሞኑን ጀምሯታል።»

ሃያ ዓመት በስፌት መኪና ላይ ያጎነበሰው ሰው ጆሮውን ወደ ፊት አስጠጋ። «ይህ የጠበቀ ቀበቶ ድምፅ ነው! የስፌት መኪናዬ ቀበቶ ሲጠብቅ ልክ እንዲህ ነበር የሚያፏጨው፤ ውሎ ሳያድር ይበጠሳል። መካኒኩ ምን ብሎ ነበር የጻፈው?»

«ነገርኩህ እኮ። ካርቶኑ እዚያ ኪስ ውስጥ አለ፤ እየው።»

አወጣና አነበበ። ከዚያም «ብ»ን አላልቶ ጮክ ብሎ አነበበላት።

«እትዬ፣ ይህ ሰው ቺንጋው ጠብቋል ነው የሚለው። ከሯል፤ አልላላም ብሏል።»

ደቂቃ እግሯን ከነዳጁ ላይ አነሣች። ዐሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ይቀራል። ብትቀጥልና ቺንጋው ቢችል፣ በሰዓታቸው ይደርሳሉ። ብትቀጥልና ቢበጠስ፣ ዛሬም አይደርሱም፣ ከዛሬ በኋላም መኪና የላቸውም። ብታቆም ግን መዘግየታቸው የተቆረጠ ነው፤ ምናልባትም ማሽኑ ለሌላ ይሰጣል። በሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ መዘግየትን በገዛ ፈቃዷ መረጠች። መሪውን ወደ ዳር አዙራ ሞተሩን አጠፋች።

«ማሽኑስ?» አላት።

«ዛሬ እርሱ ይጠብቀን። ና፣ ተደገፈኝ።»

«ይጠብቀን ያልሽው አጥብቀሽ ነው አላልተሽ?»

«አንተ ሰው፣ መንገድ ላይ ጥዬህ እንዳልሄድ!»

አውቶቡሱ ሲመጣ አንዲት ሴት የወንድሟን የጠቆረ ፊት አይታ ከነልጇ ቦታ ለቀቀችላቸው። ደቂቃ ለመካኒኩ ደውላ መኪናዋን ያቆመችበትን ነገረችው፤ ስልኩን ሳትዘጋው ዐይኗ ተከደነ። መሪ ያልያዙት እጆቿ ጭኗ ላይ እንደ ተዘረጉ፣ ራሷ በበሽተኛው ትከሻ ላይ ወደቀ። ወንድሟ ክብደቷ እያመመውም ቢሆን እስከ መውረጃቸው አልተነቃነቀም።

አርባ ደቂቃ ዘግይተው ደረሱ።

«ደቂቃ ዘገየች?» አለች ነርሷ፣ ወገቧን ይዛ። «ዛሬ ፀሐይ በየት በኩል ወጣች? ሌላ ሰው ላስገባበት እኮ በሩ ድረስ ሄጄ ነበር! የዘገያችሁበት ይቀነስበታል፤ ለእኔም ሕግ ነው።»

«ይቀነስ፣ እህቴ» አለች ደቂቃ። መከራከሪያ ጉልበት አልነበራትም።

«አርባ ደቂቃ ሳልታጠብ ብቀር ማን አሽትቶ ያውቅብኛል?» አለ ወንድሟ፣ ክንዱን እየዘረጋ።

በማግስቱ ጋራዥ ስትደርስ መኪናዋ ተጎትታ ገብታ፣ ሞተሯ ተከፍቶ ነበር። መካኒኩ ቺንጋውን መዳፉ ላይ ዘርግቶ አሳያት። ጠርዙ ተተልትሏል፤ ሦስት ጥርሶቹም ረግፈዋል። ውጥረቱን የሚያስተካክለው መንኰራኵር ደርቆ ስለ ነበር፣ ሞተሩ በሞቀ ቁጥር ቺንጋው ይከርር ኖሯል።

«ስንት ኪሎ ሜትር ቀርቶት ነበር?»

«ኪሎ ሜትር አትበዪ፣ ዳገት በይ። አንድ ዳገት። ምነው እህቴ? ይጠብቃል ብዬ ጽፌልሽ አልነበረም?»

«ይጠብቃል ብለው ጽፈውልኝማ ነው የጠበቅኩት!»

«እኔ መጥበቁን ነው የጻፍኩት!»

«እኔ መጠበቁን ነው ያነበብኩት! ‹ሲሞቅ› የምትል አንዲት ቃል ቢጨምሩበት ምን ነበረበት?»

«ካርቶኑ አለቀብኛ!»

የጋራዡ ሠራተኞች ሆዳቸውን ይዘው ሣቁ። ደቂቃ አንድ አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አለች። ጥፋቱ የሁለቱም እንደ ሆነ ታውቃለች፤ እርሱ ቃል ቆጥቧል፣ እርሷ መጠየቅ ቆጥባለች። የቆጠቡት ሁሉ ተደምሮ ግማሽ ደቂቃ አይሞላም።

«መቼ ይጨርሱልኛል?»

«ማክሰኞ ማታ። ሰኞ የለሽም መኪና።»

«ይሁን። ማክሰኞ ማታ ስመጣ ግን በአፍዎ ነው የሚነግሩኝ።»

ሰኞ ከወትሮው አንድ ሰዓት አስቀድማ ተነሣች፤ ወንድሟን በሁለት አውቶቡስ አድርሳ፣ ተራው ሳይደርስ ዐሥር ደቂቃ ቀድማ አስገባችው። ቺንጋው በዘጠና ስድስት ሺህ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ተቀየረ፤ ሞተሩም ተረፈ። ይህች ሴት ታናሽ ወንድሟን እስከ ዛሬ አራት መቶ ሰባ ሁለት ጊዜ ለሕክምና አድርሳለች፤ አንድ ጊዜ ዘግይታለች፤ አንድም ቀን አላስቀረችውም።