በጥቁር ዘይት ውስጥ የሰጠመው ቡሎን

አባቴ የአሮጌዋን ጂፕ ዘይትና ፊልትሮ ሊቀይር የተነሳው ትምህርት በሌለበት ቀን ስለነበር፣ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። የበግ ሆድ ዕቃ ማየት እፈራለሁ፤ የመኪና ሆድ ዕቃ ግን ያምረኛል።

እናቴ ግን ተጨንቃለች። እህቴ ያገባችው አቦምሳ ከተማ ነው፤ የመጀመሪያ ልጇን ደግሞ በወጉ እናቷ ቤት መጥታ ነው የምትወልደው። ወሯ ገብቷል። አባቴ በማግስቱ ሊያመጣት ቢያስብም፣ «ዘይቷ ሳይቀየር ያንን ዳገት አትደፍረውም» ብሏል።

«ልጄ መንገድ ላይ እንዳትወልድ፣ ቶሎ በል አንተ ሰውዬ!» አለች እናቴ ከደጃፍ።

እሱ ቶሎ በማለት ፈንታ መኪናዋን አስነስቶ ወደ ኢተያ በሚወስደው መንገድ ትንሽ ነድቶ ተመለሰ።

«አባባ፣ ለሚደፋ ዘይት ምን መንዳት ያስፈልጋል?»

«በአሰላ ብርድ የረጋ ማር ከገንቦ ይወርዳል?»

ጆንያ አንጥፎ ከሥሯ ገባ፤ እኔም ከጎኑ ተጋደምኩ። ሳፋውን አስተካክሎ የዘይት መውጫውን ቡሎን ሲፈታው፣ ዘይቱ እየተነነ ዱብ አለ። «ኡፍ!» ብሎ እጁን ሰበሰበ። ሲጨመር የጠጅ መልክ የነበረው ዘይት ሬንጅ መስሏል።

«ምን አግኝቶት ነው እንዲህ የጠቆረው?»

«ጥያቄ ከሚያበዛ ሰው ጋር ውሎ።»

ዘይቱ ተንጠፍጥፎ ሲያልቅ ጎረቤታችን መጡ። የተቃጠለ ዘይት ለአጥር ግንድ መድኃኒት ነው፤ የተቀባ እንጨት ዝናብ ቶሎ አይበላውም። ስለዚህ መኪና ያለው ሰው አሮጌ ዘይቱን ከመድፋቱ በፊት ጎረቤቱን ያስባል። ሳፋውን እንዳለ ተሸክመው ሄዱ።

አባቴ ዘይቱን የሚያጣራውን ፊልትሮ አወጣ። ጨመቅ ሳደርገው ጣቴ ላይ የሚያብረቀርቅ ነገር ቀረ፤ እርስ በርሱ እየተፋተገ ያለቀ የሞተር ብረት ነው አለኝ። አዲሱን ሲያስገባ ዙሪያውን የሚይዘው ጎማ መለስለስ አለበት ሲል ሮጬ ቅቤ አመጣሁ።

«ምነው፣ ሹሩባ ልንሠራት ነው?» ብሎ ሳቀና ጣቱን አዲሱ ዘይት ውስጥ ነክሮ ቀባው።

ቀጥሎ ዘይት ሊሞላ ጣሳውን ሲያዘነብል እኔ አጎንብሼ ከሥር አያለሁ።

«አባባ፣ ያኛው የወጣበት ቀዳዳስ በምን ተደፈነ?»

ጣሳው ቀና አለ። አባቴ ኪሱን ዳበሰ፣ ጆንያውን አራገፈ። ከዚያ የተቃጠለ ጣቱን አየት አደረገና ሁለታችንም ወደ ጎረቤት አጥር ዞርን። ቡሎኑ ከእጁ አምልጦ ሳፋው ውስጥ ሰጥሞ ነበር! እንዲህ ያለ ቡሎን ደግሞ አሰላ ውስጥ ተፈልጎ አይገኝም።

ጎረቤታችን በጨርቅ ግንድ ይቀባሉ።

«ዋላሂ፣ የሰጠኸውን ልትነጥቀኝ መጣህ?»

«ዘይቱን አይደለም ወንድሜ፣ ቡሎኔን!»

እነሱ ሲነጋገሩ እኔ እጅጌዬን ሰብስቤ እጄን እስከ ክርኔ ሳፋው ውስጥ ነከርኩት። ዘይቱ ገና ለብ ያለ ነበር። ዝቃጩ በጣቶቼ መሃል ያሙለጨልጫል፤ እንዴት እንደሚለሰልስ! አንድ ጠንካራ ነገር ነካሁና ይዤ አወጣሁት።

«እንግዲህ አንቺንም ዝናብ አይበላሽም» አሉ ጎረቤታችን።

ቡሎኑ ታሰረ፣ ዘይቱ ተሞላ፣ ሞተሩ ተነሳ። ከጂፗ ሥር ነጭ ጨርቅ አንጥፌ ጠበቅሁ። ማልጄ ሳየው ጠብታ የለበትም። አባቴ ሄደ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ እህቴ በር ላይ ደረሰች። ደግፌ ላወርዳት እጄን ስዘረጋ ጥቁር ጥፍሮቼን አየች።

«በዚህ እጅሽ ልጄን እንዳትነኪ!»

በአመድም በሳሙናም ፈተግኩት። ልጁ እናቴ ቤት ተወልዶ እቅፌ ላይ ሲያስቀምጡልኝ፣ የአውራ ጣቴ ጥፍር ጥግ ገና አልጠራም ነበር። ጣቴን እጥፍ አድርጌ ደበቅሁት።