ከበሩ በስተቀኝ

ኦኮት እሑድ ከሰዓት በኋላ ወደ አገሩ ሲደውል፣ አባቱ ስልኩን የሚያነሱት ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ቆመው ነበር። ከቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ባለችው በዚያች የኬንያ መንደር የስልክ መስመር እንደ ልብ አይገኝም። ሰው ሁሉ ሙዜ፣ ማለትም ሽማግሌው፣ በሚላቸው በአባቱ በአቶ ኦሉዎች ግቢ ውስጥ ድምፅ ጥርት ብሎ የሚሰማው ከበሩ በስተቀኝ ካለችው ባዶ መሬት ላይ ብቻ ነው። ሽማግሌው ኮፍያቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው፣ ስልኩን ከአፋቸው ፊት ይዘው፣ ሐይቅ ላይ ጀልባ እንደሚጠራ ሰው ይጮኻሉ።

«ኦኮት! የት ነው የቆምኩት?»

«በሩ ጋ ነዋ፣ አባዬ።»

«በሩ ጋ አይደለም። አንተ ቤት ውስጥ ነው የቆምኩት። ጣራ የለውም እንጂ!» ይሉና ይስቃሉ።

ያች ባዶ መሬት የኦኮት ነበረች። በወገኖቹ በሉኦ ብሔረሰብ ዘንድ ወንድ ልጅ ከጎረመሰ በኋላ ከአባቱ ጣራ ሥር አያድርም። በአባቱ ግቢ፣ ከበሩ አጠገብ፣ ሲምባ የምትባል የራሱ ጎጆ ትቀለስለታለች። የመጀመሪያውን ምሰሶ የሚተክለው አባት ነው። የበኩሩ ጎጆ ሳይቆም የታናሹ አይቆምም፤ ጎጆ የሌለው ደግሞ ሚስት አያመጣም። ኦኮት ግን ከልጅነቱ ጀምሮ በአዳሪ ትምህርት ቤት፣ ኋላም በናይሮቢ ሲማር ኖረ። ለእረፍት በመጣ ቁጥር ከአጎቱ ከኦሙጋ ቤት እያደረ፣ ጎጆው ሳይሠራ ዕድሜው ገፋ። ትምህርቱን እንደጨረሰም ኪጋሊ በሚገኝ አንድ ድርጅት በፋይናንስ ሠልጣኝነት ተቀጠረና ወደ ሩዋንዳ ተሻገረ።

ሥራውን ለአባቱ ለማስረዳት ብዙ ደክሟል።

«ሰው ፋብሪካ ሊገዛ ሲፈልግ ዋጋውን እኛ ነን የምናጠናለት።»

«ሻጩ ዋጋውን አይነግረውም?»

«ይነግረዋል፣ አባዬ። ግን ፋብሪካው ነገና ከነገ ወዲያ የሚያመጣውን ትርፍ ወደ ዛሬ መልሰን እናሰላዋለን። የነገ ሽልንግ ከዛሬ ሽልንግ ያንሳላ።»

ሽማግሌው፣ «አክስትህ የትናንት ዓሣ በግማሽ ዋጋ ስትሸጥ ይህንኑ አይደል የምትለው? ለዚህ ነው ኪጋሊ ድረስ የሄድከው?» አሉ። አባትና ልጅ ተሳሳቁ።

ሥራው ቀላል አልነበረም። ሠልጣኝ የሚባለው ሰው ከሁሉ ቀድሞ ይገባል፣ ከሁሉ ኋላ ይወጣል። አለቃው ወይዘሮ ሙካንዶሊ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው የሠራውን ካዩ በኋላ፣ «ቁጥርህ ቆንጆ ነው፤ ግን ውሸታም ነው። እንደገና» እያሉ ይመልሱለት ነበር። አርብ ሲመሽ ግን ሌላ ዓለም ይከፈታል። ከጎኑ ጠረጴዛ የሚሠራው ንኩሲ የካሮንጊ ተወላጅ ነው፤ ሲስቅ ክፍሉ ይሞላል። «አንተ የሐይቅ ዳር ሰው፣ ኮረብታ ሳታይ ልትሞት ነው እንዴ?» አለና አንድ ቅዳሜ ይዞት ወጣ። ከዚያ በኋላ መመለሻ አልነበረውም። በሙሳንዜ ጉም የለበሱትን ተራሮች አየ፤ በኒዩንግዌ ደን ውስጥ ዝናብ እየመታው ሄደ፤ በየከተማው ወተት ቤት እየገባ ቀዝቃዛ እርጎ ጠጣ። አገር ማየት እንደ ማር ነው፤ አንዴ የቀመሰው ጣቱን ሲልስ ይኖራል።

የገና በዓል መጣ፤ ኦኮት «ሥራ በዝቷል» አለ። እውነቱን ነበር።

«ግድ የለም» አሉ አባቱ። «ምሰሶውን ቆርጬ ጥላ ሥር አጋድሜዋለሁ። ምስጥ የማይደፍረው እንጨት ነው።»

«ለፋሲካ እመጣለሁ፣ አባዬ። በሕይወት ካለሁ አልቀርም።»

የፋሲካ ሰሞን ንኩሲ ከጠረጴዛው ላይ ተደግፎ፣ «እናቴ እንግዳ ይዘህ ና ብላለች። ኪቩ ሐይቅን ሳታይ ሥልጠናህን ጨርሰህ ብትሄድ፣ ሩዋንዳን አየሁ ብለህ ለማን ልታወራ ነው?» አለው። ኦኮት አመነታ። ወደ አገሩ የሚወስደው አውቶቡስ በካምፓላ አድርጎ ቀኑንም ሌሊቱንም ይጨርሳል፤ ደርሶ ለመመለስ በዓሉ አጭር ነው። አባቱ የትም አይሄዱም። እንጨቱንም ምስጥ አይደፍረውም። እንዲህ እንዲህ ብሎ ራሱን አሳመነና ካሮንጊ ሄደ።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ፣ በረጃጅም እንጨት ሦስት ሦስት ሆነው የተጣመሩ ጀልባዎች ከኪቩ ሐይቅ ዳር ተነሡ። ዓሣ አጥማጆቹ እያፏጩና እየተቀባበሉ ሲዘፍኑ መቅዘፊያው ውሃውን በዜማው ልክ ይመታል። የሚሄዱት በፋኖስ ብርሃን ለሚያዝ ለአንድ ትንሽ ዓሣ ነው። ኦኮት አባቱ ለሌሊት ዓሣ የሚይዙትን ፋኖስ አስታወሰ። ዘፈኑን ቀድቶ በታናሽ ወንድሙ በኦላንጎ ስልክ ላከላቸው።

«ሰማሁት» አሉ ሽማግሌው በማግስቱ። «ጥሩ ይቀዝፋሉ። ግን ይህን ያህል ሲጮኹ ዓሣው አይሸሽም?»

«አይሸሽም፣ አባዬ። ብዙ ነው የሚይዙት።»

«እንግዲያስ የዚያ አገር ዓሣ ዘፈን ይወዳል።» ሊስቁ ሲሉ ሳል ያዛቸው፤ ወደ ወጋቸው ለመመለስም ጊዜ ወሰደባቸው። «የሐይቁ ንፋስ ነው» አሉ። «ለመቼ ልጠብቅህ?»

«የዓመት እረፍቴን ስወስድ።»

በዚያው ሳምንት ኦላንጎ ደወለ። ኦላንጎ ከአባቱ ጋር የቀረ፣ ጀልባ እየጠገነና ዓሣ እያጠመደ የሚኖር ልጅ ነው።

«ወንድሜ፣ አባዬ ጤና የላቸውም። ጀልባ መግፋት ከተዉ ሰነበቱ። ና፣ ምሰሶውን ይትከሉልህ።»

«እሑድ አነጋግሬያቸው ደህና ነኝ ብለውኛል።»

«ላንተ በስልክ ደህና ያልሆኑበት ቀን አለ?»

ኦኮት ሳቀ። «ኦላንጎ፣ እውነቱን አውጣ። ያስቸኮለችህ እጮኛህ አዶዮ ናት። የእኔ ጎጆ ካልቆመ ያንተ አይቆምማ!»

«አዶዮን እወዳታለሁ» አለ ኦላንጎ። «እኔ መጠበቅ እችላለሁ፤ እሷም እጠብቃለሁ ብላለች። አባዬ ግን መጠበቅ የሚችሉ አይመስለኝም።»

ኦኮት በሥራው፣ የሚቸኩል ሻጭ ሲያይ ምክንያቱን መጠርጠር ተምሯል። ጎጆ የሚፈልግ ታናሽ ወንድም «አባታችን ታመዋል» ቢል ደግሞ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በአገሩ ስንት ታናሽ እንዲህ ብሎ ታላቁን አስመጥቷል። ስለዚህ ነገሩን ከቁም ነገር አልቆጠረውም።

በወሩ መጨረሻ ቅዳሜ፣ እንደ ወትሮው፣ ኪጋሊ ሱቋን ዘግታ ለኡሙጋንዳ፣ በየወሩ ለሚደረገው የሕዝብ የጋራ ሥራ፣ ወጣች። በዚያን ቀን የሰፈሩ ሰው የተሰበሰበው ዝናብ ቤታቸውን ላፈረሰባቸው ለአንዲት አሮጊት ነበር። ኦኮትም ሱሪውን ሰብስቦ ጭቃ ረገጠ፤ የማዕዘኑን ምሰሶ አቅፎ ያዘና ሌሎች አፈሩን ጠቀጠቁለት። አሮጊቷ በሁለት እጃቸው ጭቃማ እጁን ይዘው፣ «ያንተንም ቤት እግዜር ያቁምልህ፣ ልጄ» አሉት። ንኩሲ ምሰሶውን እንዳቀፈ ፎቶ አነሣው፤ ኦኮትም ደስ ብሎት ለኦላንጎ ላከው።

እሑድ ሲደውል አባቱ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር።

«ፎቶውን ኦላንጎ አሳየኝ። አጥብቀህ ይዘኸዋል። የማን ቤት ነው?»

«የአንዲት ጎረቤት አሮጊት፣ አባዬ። ባለቤታቸው ሞተዋል።»

«ደግ አድርገሃል። ለሰው ቤት ማቆም ደግ ነው።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ምሰሶ መያዝ እንደምታውቅ አላውቅም ነበር። ደህና ዋል፣ ልጄ።»

ኦኮት ስልኩን ከዘጋ በኋላ ነው የገባው፤ «የት ነው የቆምኩት?» ብለው አልጠየቁትም።

ሰኞ ጠዋት ወይዘሮ ሙካንዶሊ ፊት ቆመና አባቱ እንደታመሙ ነግሮ ፈቃድ ለመነ። ሴትዮዋ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሂድ እንጂ! ለገናም ለፋሲካም አገርህ የምትሄድ መስሎኝ ስጠብቅህ ነበር። ጠይቀኸኝ መቼ ከለከልኩህ?» አሉት። ኦኮት መምጣቱን ለኦላንጎ ነገረና የመንገዱን ጣጣ ጨርሶ በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፈረ።

ካምፓላ መናኸሪያ አውቶቡስ ሊቀይር ቆሞ ሳለ ኦላንጎ ደወለ።

«ወንድሜ፣ የት ደረስክ?»

«ካምፓላ። ነገ ጠዋት እገባለሁ።»

«እንግዲያስ ቀስ ብለህ ና» አለ ኦላንጎ። «አሁን መቸኮል አያስፈልግም።»

ሲደርስ ግቢው በሰው ተሞልቶ፣ ሴቶቹ ከበሩ ጀምረው እያለቀሱ ተቀበሉት። አልቃሿ አክስቱ እጇን አናቷ ላይ ጭና፣ «ኦሉዎች፣ በኩርህ መጣልህ! ግን ከየት ቤት ይደር? በል ንገረው!» አለች። ከበሩ በስተቀኝ፣ ባዶዋ መሬት ላይ፣ የጀልባ ስባሪ ሳንቃ ተጋድሞ ኦኮት አየ። አጎቱ ኦሙጋ በከዘራቸው ሳንቃውን ገለጥ አደረጉት። ከሥሩ አዲስ የተቆፈረ ጉድጓድ ነበር።

«እመጣለሁ ያልክ ለት ነው የቆፈረው» አሉ ኦሙጋ። «ኦላንጎ ዶማውን ሊቀበለው ቢል እምቢ አለ። ‹ልጄ ምሰሶ መያዝ ተምሯል፤ ጉድጓዱን ላዘጋጅለት› አለ። ጥጃ እንዳይገባበት ከደነውና ገብቶ ተኛ። አልተነሣም።»

ኦኮት ጥላ ሥር ወደተጋደመው እንጨት ሄዶ ጫፉን አነሣ። «አጎቴ፣ ዛሬ እንትከለው። ሳይቀበሩ። እርሳቸው እዚህ ሳሉ።»

«ተው፣ ልጄ» አሉ ኦሙጋ ትከሻውን ይዘው። «በለቅሶ ቤት አይገነባም። ለቅሶው ተፈጽሞ ዓመቱ እስኪዞር እንጨትም አይነካም። አስቀምጠው።»

አስቀመጠው። ሌሊቱን እንደ ወትሮው በአጎቱ ቤት አደረ፤ ከሩቅ እንደመጣ እንግዳ። አባቱ ሲቀበሩ ኦላንጎ አጠገቡ ቆሞ ነበር። ኦኮት ወደ ወንድሙ ዞሮ፣ «ያስቸኮለችህ አዶዮ ናት ብዬህ ነበር» አለ።

«ተወው» አለ ኦላንጎ። «እሷም ሰምታ ስቃለች።» እርሱ ግን አልሳቀም።

ኦኮት ኪጋሊ ተመልሶ ሥልጠናውን ጨረሰ። ንኩሲ ቅዳሜ ቅዳሜ መጠየቁን አልተወም፤ እርሱ ግን ከሰፈሩ ኡሙጋንዳ በቀር የትም አልሄደም። ዓመቱ ሲዞር ወደ አገሩ ገባ። ጉድጓዱን የክረምት ጎርፍ ግማሽ ያህል ደፍኖት ነበር። ኦኮት ተንበርክኮ አፈሩን በእጁ ዛቀ፤ ዶማ ሲያቀብሉት አልተቀበለም። የአባቱን ቁፋሮ ጠርዝ ሲያገኝ ቆመ። ምሰሶውን ኦሙጋ በአባት ፈንታ ተከሉት። ኦኮት አቅፎ ይዞት ሳለ ሰው እንዳያየው ፊቱን ወደ እንጨቱ አዞረ። እንጨቱ እውነትም ምስጥ አልደፈረውም ነበር።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ የኦላንጎ ጎጆ ከበሩ በስተግራ ቆመች፤ አዶዮም ገባች። ከዚያ በፊት ግን፣ በኦኮት ጎጆ የመጀመሪያዋ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ደጁ ላይ ሕፃናት ይጮኻሉ፤ ከሐይቁ በኩል የሞተር ድምፅ ይሰማል። ኦኮት ጭቃው ገና ባልደረቀው ግድግዳ ተደግፎ ስልኩን ከኪሱ አወጣ። መስመሩ እንደ ድሮው ጥርት ያለ ነበር። ጥቂት ይዞት ቆየና የሚደውልለት ሰው ስላልነበረ መልሶ ኪሱ ከተተው።