ሽንት እምቢ ያለኝን ሴት «ሽንት አምጭ»!

ዛሬ እዚህ ወረታ ከንጋት ጀምሮ ሽንት እምቢ ብሎኝ፣ ከእምብርቴ በታች ተወጥሬ ጤና ጣቢያ ብሄድ፣ ባለሙያው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ሽንት አምጭ» ብሎ ብልቃጥ ሰጠኝ!

«ወንድሜ፣ እሱ እኮ ነው የቸገረኝ!» አልሁት።

«ውሀ ጠጭና ተንጎራደጅ» ይለኛል።

ከትናንት ወዲያ አዲስ አበባ፣ የመካንነት ሐኪሞች ልጅ እንዲሆነኝ ውጭ ሊያዳቅሉት የዘር እንቁላሌን በመርፌ ወስደውልኛል። ከዚያ ወዲህ ሽንቴ ደም ነበር፤ ዛሬ ጭራሽ ቆመ። ሲሸኙኝ ስለ ሽንት አንድ ቃል አልተነፈሱም።

ባሌ ደግሞ ለልጅ መታከማችንን ከዘመድ ደብቆ ኖሮ፣ ከቁሐር ሚካኤል የመጡ ዘመዶቹን ወረፋ ላይ ሲያይ «ወባ ሳይሆን አይቀርም» ብሎ አረፈው! መቼም ፎገራ ላይ ያላወቁትን ሁሉ ወባ ነው የሚሉት።

ጮህሁ። «ወባ አይደለም! ልጅ አጥቼ እንቁላል አስወስጄ ነው! ፊኛዬን ወግተውታል!»

ወረፋው በሙሉ ሰማ።

አንዲት ነርስ ሮጣ መጥታ የሽንት ቱቦ አስገባችልኝ። የረጋ ደም ወጣ፤ ሽንቱ ተከተለ።

«ምነው ቀድመሽ ብትናገሪ?» አለችኝ።

«ማን ጠየቀኝ?» አልኋት።

ነገ ባሕር ዳር ለምርመራ እሄዳለሁ። ባሌ «አዋረድሽኝ» ብሎ አኩርፏል። ያኩርፍ! እሱ እንደሆነ ቆሞ ይሸናል።

እህቶቼ፣ ተደብቃችሁ ታክማችሁ እንዲህ የተገፋችሁ ካላችሁ እዚሁ ጻፉ። ያፈራችሁ በኢንቦክስ ንገሩኝ፤ እኔ እጮኽላችኋለሁ።