ጓንዡ ገበያ ውስጥ «እንዳትዞሪ» ያልናት ቀን

በዚያ እሑድ ምሽት ኮሎምበስ ኦሃዮ፣ ሂልቶፕ ሰፈር ባለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ የነበርነው አምስት ሰዎች ነን። እኔ አለሁ። ባለቤቴ አለ፤ ግሮቭፖርት መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ሲነዳ አድሮ፣ ቀን መተኛት ሲገባው ሳይተኛ የቀረ። ትንሿ ልጄ አለች፤ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ስልኩን ከቴሌቪዥኑ ጋር ያገናኘችልን እሷ ናት። ሁለት ቤት አልፈው የሚኖሩት ጋሼ አሉ፤ ድሮ መርካቶ ጨርቅ ተራ ይነግዱ ነበር፤ አሁን ጡረተኛ ናቸው። ከሚነርቫ ፓርክ መኪናቸውን ነድተው የመጡት ባለሱቋ እትዬም አሉ። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ደግሞ ትልቋ ልጄ አለች፤ ከቻይና፣ ከጓንዡ ከተማ።

ትልቋ ልጄ ዲቪ ሲደርሰን ዕድሜዋ አልፎ ስለነበር ከእኛ ጋር መምጣት አልቻለችም። በትምህርት ዕድል ቻይና ሄዳ ቋንቋውን ተማረች። ከዚያ በኋላ ከአገር ቤት የሚሄዱ ነጋዴዎችን ከገበያ ገበያ እየመራችና እያስተረጎመች ትኖር ነበር። በሽታው መጥቶ አገሩ ሲዘጋ ነጋዴ የሚባል ጠፋ። በፈረንጆቹ 2021 ሊገባደድ ተቃረበ፤ አሁንም የሚመጣ የለም። የመኖሪያ ወረቀቷ ሊያልቅ ሦስት ወር ቀርቶታል፤ ቋሚ ሥራ ካላገኘች ለቃ መውጣቷ ነው። ስለዚህ አንድ ዘዴ አመጣች። «ነጋዴው ወደ ገበያው መምጣት ካልቻለ፣ እኔ ገበያውን በቪዲዮ እወስድለታለሁ» አለችኝ።

እትዬ ኮሎምበስ ውስጥ ሻርፕ፣ መጋረጃና የአልጋ ልብስ ይሸጣሉ። ነገሩን ስነግራቸው «እስቲ ስትሠራ ልያት። ከወደድኳት ኦርደሬን ሁሉ በእሷ አደርጋለሁ፤ ለመኖሪያዋ የሚያስፈልጋትን የሥራ ወረቀትም እጽፍላታለሁ» አሉኝ። እንግዲህ ያ ምሽት ለልጄ ፈተና ነበር ማለት ነው። እኔ ደግሞ ገና ሦስት ቀን ሲቀረው ጀምሮ ምግብ አልበላ ብሎኛል።

እትዬ ከመምጣታቸው በፊት ልጄ ደወለች።

«እማ፣ አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። እባክሽ አትናገሪ።»

«እኔ ምን እናገራለሁ?» አልኳት። እውነቴን ነው፤ ልናገር አላሰብኩም ነበር።

ስለ በሽታው ስል መስኮቶቹን በሙሉ ከፍቼአለሁ። ወንበሮቹንም አራርቄአለሁ፤ ጋሼ የወጥ ቤቱ በር ላይ፣ እትዬ ደግሞ መስኮቱ ሥር ናቸው። ጊዜው ቅጠል የሚረግፍበት ስለሆነ ብርዱ እንደ ልቡ ይገባል። ጋሼ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣

«አንቺ፣ ኦሃዮ ነው የጠራሽኝ ወይስ ደብረ ብርሃን?» አሉኝ።

«ለጤናችን ነው ጋሼ።»

«በኮሮና ከመሞት በሳንባ ምች መሞት ይሻላል ያለሽ ማነው?»

ልክ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ልጄ ቴሌቪዥኑ ላይ ብቅ አለች። እኛ ዘንድ ጨልሟል፤ እሷ ዘንድ ፀሐይ ወጥቷል። ሰላምታ ተለዋወጥንና እዚያ ሰኞ ጠዋት መሆኑን ነገረችን። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ነቃ አሉ።

«ሰኞ ደርሰሻል? ነገ እዚህ ይዘንብ እንደሆነ እስቲ እይልን፤ ሣር የማጭድበት ቀን ነው።»

ልጄ ሳቀች። እትዬም ሳቁ። ጥሩ ጅምር ነው ብዬ ልቤ ትንሽ ረጋ።

መጀመሪያ የወሰደችን እንግዳ የሚጎበኘው ቤጂንግ ሉ የሚባል ረጅም የገበያ መንገድ ላይ ነው። መኪና አይገባበትም። ሱቆቹ ገና እየተከፈቱ ነው፤ አንዱ መዝጊያውን ሽቅብ ይጠቀልላል፤ አንዷ ደጇን ታጥባለች። የመንገዱ መሐል ላይ ምድሩ ተቆፍሮ በወፍራም መስታወት ተሸፍኗል። ልጄ ካሜራውን ወደ ታች አዞረችና በአስጎብኚ ድምፅ፣ «ከመስታወቱ ሥር የሚታየው የጥንቱ መንገድ ነው። አንዱ ንጉሥ ያነጠፈውን ሌላው በላዩ እያነጠፈበት...» ማለት ስትጀምር ጫማዋን አየሁት። መስታወቱ ላይ ቆማለች።

«ውረጂ!» አልኩ።

«እማ...»

«ከመስታወቱ ላይ ውረጂ! እግዚኦ፣ ጥንት ውስጥ ልትወድቂ ነው!»

«ማም፣ ስቶፕ!» አለች ትንሿ።

«እማ፣ በቀን ስንት ሺህ ሰው ይራመድበታል።»

«እሱ ነው የሚያስፈራኝ! ስንት ሺህ ሰው የረገጠው መስታወት አይደክምም?»

እትዬ ዘወር ብለው አዩኝ። ልጄም ዳር ዳሩን እየሄደች ንጉሦቹን ቶሎ ቶሎ ጨረሰቻቸው።

ከዚያ የደረቀ የባሕር ነገር ብቻ የሚሸጥበት መንገድ ላይ ደረሰች። ዓሣው በገመድ ተንጠልጥሏል፤ ሌላው በጆንያ ተቀምጧል። በአንዱ ጆንያ ውስጥ ጥቁር፣ እሾሃማ፣ የተቃጠለ ዱባ የመሰለ ነገር አለ። ባለቤቴ እስከዚያ ወንበሩ ላይ ተኝቶ ነበር፤ ዓይኑን የገለጠው ልክ በዚያች ሰዓት ነው። መልሶ ጨፈነ።

«ይሄ ለጾም ይሆናል?» አልኩ እኔ።

«ይሄ ሐላል ነው?» አሉ እትዬ፣ እኩል ከእኔ ጋር።

«የባሕር እንስሳ ነው፤ ሐላል መሆኑን ግን አላውቅም። እኔ እንኳን ለጾም፣ ለመብላትም ገና አልደፈርኩም» አለች ልጄ። እትዬ ይህን መልስ ወደዱት። «ያላየችውን አየሁ አትልም» አሉ። እኔም በሆዴ አንድ ነጥብ አገኘች ብዬ ቆጠርኩላት።

ቀጥሎ ባቡር ውስጥ ስትገባ መስመሩ ተቋረጠ። ቴሌቪዥኑ ጠቆረ። አሥር ደቂቃ ያህል ሆነ። እኔ ሳሎኑን ስዞር ጋሼ፣ «ተቀመጪ እባክሽ፣ ባቡሩን የምትገፊው አንቺ አይደለሽም» አሉኝ። ተመልሳ ስትመጣ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ያለው ትልቁ የጨርቃ ጨርቅ ገበያ በር ላይ ናት። በሩ ላይ ስልኳ ውስጥ ያለውን የጤና ማረጋገጫ አይተው፣ ሙቀቷን ለክተው አስገቧት።

«ስንት ነው? ሙቀትሽ ስንት ነው?»

«ደህና ነኝ እማ።»

ሦስተኛ ፎቅ ወጣች። ሱቆቹ ጠባብ ጠባብ ናቸው፤ ጨርቁ እስከ ጣሪያ ተከምሯል፤ ጎማ ባለው ጋሪ ዕቃ የሚገፉ ሰዎች «ዞር በሉ» እያሉ ይጮኻሉ። ከአሳንሰሩ በስተግራ አራተኛው ሱቅ ላይ አንዲት ሴት ሻርፕ ታጣጥፋለች። ከእኔ ትንሽ ትበልጣለች፤ ፀጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ ይዛዋለች። ልጄ ስልኳን የምትሞላበት ፓወር ባንክ ባዶ ስለነበር ሴትዮዋ ሶኬት ላይ ሰካችላት፤ በርጩማም ሰጠቻት።

እትዬ ሰማያዊዎቹን ሻርፖች ሲያዩ ከወንበራቸው ተነሡ። ጋሼ በእጃቸው ምልክት ሰጡ።

«እትዬ፣ ፊትዎን አያሳዩ! የወደዱትን ዕቃ እንደማይወዱት ነው የሚያዩት።»

«እዚያ ሆና የእኔን ፊት የት ታየዋለች?»

«ነጋዴ ያያል።»

እትዬ እውነትም ፊታቸውን አጨፈገጉ። እኔም አጨፈገግሁ። ቀለሙ መልቀቁንና አለመልቀቁን ማወቅ ስላለብን ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

«ልጄ፣ ጣትሽን በምራቅሽ አርጥቢና ጨርቁን እሺው።»

ልጄ ማስኳን ዝቅ ልታደርግ እጇን ስታነሣ ደነገጥኩ።

«ማስክሽን እንዳታወርጂ!»

«እማ፣ ታዲያ ምራቁን ከየት ላምጣው?»

ጋሼ እስኪያስላቸው ሳቁ። ሲያስላቸው ሁላችንም ወንበራችንን ሸሸት አደረግን። ሴትዮዋ ነገሩ የገባት ይመስል ውኃ በኩባያ አመጣች፤ ልጄ ጨርቁን አሸችው፤ ቀለሙ አልለቀቀም። ሴትዮዋ ዋጋውን በካልኩሌተር ጽፋ አሳየች።

«ግማሹን በያት» አሉ ጋሼ።

«ጋሼ፣ እዚህ የጅምላ ዋጋ ነው። ብዙም አይቀንሱም።»

«እኔን ጨርቅ ልታስተምሪኝ ነው? ግማሹን በያት።»

ልጄ እኔን አየችኝ። ጋሼ ሠላሳ ዓመት ነግደዋል ብዬ፣ «እንደሚሉሽ አድርጊ፣ የኔ እናት» አልኳት። ግማሹን አለቻት። ሴትዮዋ ፈገግ ብላ ራሷን ነቀነቀች።

«አሁን ጥለሽ ሂጂ» አሉ ጋሼ። «ዝም ብለሽ ሂጂ። ሦስት እርምጃ ሳትሄጂ ነይ ነይ ብላ ትጠራሻለች። እንዳትዞሪ ብቻ! ከዞርሽ ዋጋው ሞተ።»

ልጄ ሄደች። ሦስት እርምጃ ሆነ፤ የጠራት የለም። አሥር እርምጃ ሆነ።

«ልዙር?»

«እንዳትዞሪ!» አሉ ጋሼ።

«እንዳትዞሪ!» አልኩ እኔም። ለሦስት ቀን የተጠራቀመ ጭንቀት ስለነበረብኝ ድምፄ ከጋሼ በላይ ወጣ።

ደረጃውን ወረደች። ሁለተኛ ፎቅ። አንደኛ ፎቅ። አንዱ ጋሪ ሊገጫት ሲል ባለቤቴ ብንን ብሎ «ፍሬን ያዝ!» አለና ተመልሶ አሸለበ። ልጄ ከሕንፃው ወጣች። መንገድ ተሻገረች። የባቡር ጣቢያው መግቢያ ታየ።

እትዬ ትዕግሥታቸው አለቀ። «ልጅቷ ከሻርፔ እየራቀች እኮ ነው! የት ድረስ ነው የምትሄደው?»

«ትጠራታለች» አሉ ጋሼ፣ አሁን ግን ድምፃቸው ቀጠን ብሏል።

«ሺ ኢዝ ጎይንግ ሆም» አለች ትንሿ።

ሥራው ቀረ፣ ወረቀቱም ቀረ፣ ያስቀረሁትም እኔው ነኝ ብዬ መስቀሌን ጨብጬ ቀረሁ። በዚህ መሐል ከልጄ ኋላ የሚጮህ ድምፅ ተሰማ። ልጄ «እማ፣ አሁንስ ልዙር?» ብላ መልስ ሳትጠብቅ ዞረች። ያቺ ሴትዮ ናት! እየሮጠች መንገዱን ትሻገራለች፤ እርሳሱ ወድቆ ፀጉሯ ተበትኗል።

«መጣች!» አሉ ጋሼ ከወንበራቸው ተነሥተው። «ቀነሰች! አላልኳችሁም? ሠላሳ ዓመት!» እትዬ አጨበጨቡ። እኔ እልል አልኩ። በተከፈተው መስኮት እልልታዬ ዋናው መንገድ፣ ብሮድ ስትሪት ድረስ ሳይሰማ አይቀርም።

ሴትዮዋ ደርሳ፣ ጉልበቷን ይዛ ትንፋሽዋን ሰበሰበችና እጇን ዘረጋች። የልጄ ፓወር ባንክ ነው። ሶኬት ላይ ረስታው ኖሯል።

«ምን አለች?» አሉ ጋሼ።

«ዋጋው ያው ነው፣ ዕቃሽን ግን ረሳሽ አለች» አለች ልጄ።

ጋሼ ቀስ ብለው ተቀመጡና የካፖርታቸውን ቁልፍ መመርመር ጀመሩ። ሴትዮዋ ስልኩ ውስጥ ተደርድረን ታየናትና ልጄን አንድ ነገር ጠየቀቻት። ልጄ በጣቷ እኔን አሳየቻት። ሴትዮዋ ፊቷን ወደ ስልኩ አስጠግታ ረዘም አድርጋ አናገረችኝ።

«ልጅሽ ቁርስ ሳትበላ እንደወጣች ታስታውቃለች፤ ላበላት ብዬ ነበር፤ ጥላኝ ስለሄደች ነው ያልቻልኩት ብላሻለች» አለችኝ ልጄ እያፈረች።

«አልበላሽም?» አልኩ። «እኔ ስጠይቅሽ በላሁ አላልሽም?»

«እማ፣ እባክሽ፣ አሁን...»

«ንገሪልኝ። እኔም ይህንኑ ነው በየቀኑ የምላት በያት። እግዜር ይስጥልኝ በያት። ስለ ዋጋውም ይቅርታ አድርጊልን፣ እኛ ለጨዋታ ነው በያት።»

ሴትዮዋ እስከ መጨረሻው ሰማችና ሳቀች። ከዚያ ልጄን ክንዷን ይዛ እየጎተተች ወደ ገበያው መለሰቻት። በርጩማው ላይ አስቀምጣ ትኩስ የሩዝ ገንፎ ሰጠቻት። ልጄ እስክትጨርስ ድረስ አምስታችን ቁጭ ብለን ስትበላ አየናት። እንደዚያ ያለ ቪዲዮ አይቼ አላውቅም።

እትዬ ያኔ ተናገሩ። «የተረሳ ዕቃ ይዛ የምትሮጥ ሴት የተበላሸ ጨርቅ አትልክልኝም። በተባለው ዋጋ እገዛለሁ።»

«ልጄስ?» አልኳቸው።

«ልጅሽ ያላወቀችውን አላውቅም ትላለች፤ ሂጂ ሲሏት ትሄዳለች። ከነገ ጀምሮ ለእኔ ትሠራለች።» ከዚያ ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። «ግን በአንድ ውል ነው። ገበያ ስትወጣ አንቺ መስመሩ ላይ አትኖሪም።»

«እኔስ?» አሉ ጋሼ።

«እርስዎ ቴሌቪዥን ያለበት ቤትም እንዳይገቡ።»

ውሉን አከበርኩ። ልጄ ወረቀቷ ታድሶላት ለእትዬ ሠራች። ከዚያች ሴትዮ በየወሩ ሻርፕ ይመጣ ነበር፤ በካርቶኑ ውስጥም አንዳንዴ ለእኔ የሚሆን የደረቀ እንጉዳይ ትጨምር ነበር። እኔም በልጄ በኩል «ልብሽን ጠብቂ፣ አትሩጪ» እያልኩ እልክባት ነበር። በ2022 ጸደይ ላይ ያ አካባቢ ለተወሰነ ጊዜ ተዘጋ። ሲከፈት ልጄ ሦስት ጊዜ ሄደች፤ የሱቁ መዝጊያ አልተነሣም። ከሱቁ ጎረቤቶች አንዱ ታማለች አላት፤ አንዱ ልጇ ዘንድ ሄዳለች አላት። በዚያው ዓመት መጨረሻ ልጄ ባል አግብታ ወደ አገር ቤት ተመለሰች፤ የቻይናው ስልኳም ስለተዘጋ ሴትዮዋን የምንጠይቅበት መንገድ ጠፋ።

ጓንዡ የምትመላለሱ ነጋዴዎች ይህን ካነበባችሁ፣ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ያለው የጨርቃ ጨርቅ ገበያ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከአሳንሰሩ በስተግራ አራተኛው ሱቅ ነው። ሴትዮዋ ደህና መሆን አለመሆኗን ጠይቃችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።