የትነበርሽ ወንፈል ገባች

ድብ ባሕር አካባቢ የየትነበርሽን ስም ያነሣችሁ እንደሆነ ሰዉ መጀመሪያ ይስቃል፤ ከዚያ «እሷማ!» ይላል፤ ከዚያ ሁሉም ባንድ አፍ ማውራት ይጀምራል። ነገሩ ግን ከሥሩ ሲነገር ነው ሸጋ የሚሆነው።

ባሏ አዳነ የቤት ክዳን ሲያጠብቅ ወድቆ ቀኝ እጁን ተሰበረ። ጎንደር ወስደው በጀሶ አስጠቅልለው መለሱት። ያውም መቼ? ዝናቡ ጣል ጣል ማለት በጀመረበት፣ ገበሬ ሁሉ ሞፈርና ቀንበሩን በሚያሰናዳበት ሰሞን! እዚያ አገር የሚታረሰው በወንፈል ነው፤ ዛሬ ጎረቤቶችህ ጥንድ በሬያቸውን ይዘው ያንተን ያርሱልሃል፣ ነገ አንተ የእነሱን ታርሳለህ። ወንፈል መግባት ያልቻለ መሬቱን ለእኩል አራሽ ይሰጣል፤ ግማሹ ምርት ሄደ ማለት ነው። የየትነበርሽ ቤት በግማሽ ምርት ፋሲካን አይሻገርም።

የእነየትነበርሽን መሬት ለእኩል የፈለገው ደግሞ የወንፈሉ አለቃ ታከለ ነበር። ክፉ ሰው ሁኖ አይደለም፤ በዚያ ጥቁር አፈር ላይ ዓይኑን ከጣለ ቆይቷል።

የትነበርሽ ታዲያ ምን አለች? «እኔው አርሳለሁ!»

ወይ ጉድ! በዚያ አገር ሴት ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ ጓል ትሰብራለች፤ እርፍ ግን አትጨብጥም። ለምን ብላችሁ ብትጠይቁ «በሬው እሺ አይላትም» ይሏችኋል። እንዴ! ጠዋት ማታ ድርቆሽ የምታቀርብለት፣ ጨው የምታስልሰው ማን ሁናና ነው? ከአዳነ ድምፅ ይልቅ የእሷን የሚያውቅ በሬ ነው እሺ የማይላት! ደግሞም ልጅ ሳለች አባቷ ጥላ ሥር አረፍ ሲሉ እርፉን ይዛ ትሞክር ነበር። አባቷም እያዩ እንዳላዩ ያልፏት ነበር።

ወንፈሉ በታከለ ማሳ የሚጀመር ዕለት፣ ገና ጎሕ ሲቀድ በሬዎቿን ቦራንና ዳለቻን እየነዳች፣ ሞፈሩን ተሸክማ ከች አለች። አዳነ እጁን በነጠላ አንጠልጥሎ ከኋላ መጣና ዛፍ ሥር ተቀመጠ።

«ምነው የትነበርሽ? ምን ልትሆኚ መጣሽ?» አላት ታከለ።

«ወንፈል ልገባ ነዋ፣ አያ ታከለ! ዛሬ የእርስዎን አርሳለሁ፣ በተራዬ የእኔን ታርሱልኛላችሁ።»

«እስቲ እናያለን» አለ እየሳቀ።

የመጀመሪያው ትልሟ ተንጋደደ። «እባብ የሄደበት መሰለ!» ብሎ አንዱ ጮኸ፤ ሳቅ በሳቅ ሆኑ። ፊቷ በርበሬ መሰለ። እርፉን ጫን አለችና «ቦራ! ተው ዳለቻ!» አለች፣ በረት ደጃፍ በምትጠራቸው ድምፅ። በሬዎቹ ጆሯቸውን ቀስረው ቀጥ ብለው ሄዱ። ከዚያ በኋላማ ማን ይያዛት! አፈሩ ከማረሻው ግራና ቀኝ ይገለበጣል፣ እሷ ትከተላለች፣ ደስታው ሊያስጮኻት ደርሷል። እረፍት እስኪባል ድረስ ከወንዶቹ አንዲት ትልም ወደኋላ አልቀረችም።

የታከለ ሚስት አማረች ምሳ ይዛ ስትመጣ ወንዶቹ ክብ ሠርተው ተቀመጡ። የትነበርሽ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ላብ በላብ ሁና፣ ጭቃው እስከ ጉልበቷ ደርሶ፣ የውኃውን ጆግ አንሥታ ወንዶቹን ልታስታጥብ ተነሣች! ልማድ ነው የጎተታት።

አማረች ጆጉን መነተፈቻት። «አንቺ ሞኝ! አራሽ አይደለሽም? ቁጭ በይና እጅሽን ዘርጊ!»

ወንዶቹ ጠጋ ጠጋ አሉላት። ታከለ ግን ጉሮሮውን ጠረገ። «ማረሱንስ አረስሽ፤ አየን። በአንቺ ቀን አንቺ እርፍ ይዘሽ ስትውዪ ለእኛ ማን ያበስላል? ወንፈል ያለ ምሳ የለም።»

በስመ አብ! ስለ በሬው ስትጨነቅ፣ ስለ ማረሻው ስትጨነቅ፣ ምሳውን ጭራሽ አላሰበችውም። ዓይኗ እንባ ሞላ። መሬቷ ከእጇ ስትወጣ ታያት።

«እኔ!» አለ አዳነ ከዛፉ ሥር።

ሳቁ ማሳውን ሞላው። «አንተ? ወጥ? ያውም በአንድ እጅ?»

«ወጥ በስንት እጅ ነው የሚማሰለው?» ብሎ ጮኸ አዳነ። «እሷ የእኔን ሥራ ከሠራች እኔ የእሷን ብሠራ ምን እሆናለሁ? ሳቁ! ቀኑ ሲደርስ ግን ትበላላችሁ!»

አማረች እልልታዋን አቀለጠችው። ታከለ ሚስቱን አየ፣ ከዚያ የትነበርሽ ያረሰችለትን ማሳ አየ። የሰው ጉልበት ተቀብሎ እምቢ ማለት ነውር ነው።

«በሉ እንግዲህ፣ ሐሙስ የየትነበርሽ ነው» አለ።

ሐሙስ ሁሉም በሬውን እየነዳ መጣ። እንጀራውን አማረች ጋገረችለት፤ ሽሮውን ግን አዳነ ማንም እንዳይነካብኝ ብሎ ራሱ ሠራው። ጓጉሏል፣ ጨውም በዝቶበታል። ታከለ በላና አስጨመረ። ከዚያ ተነሥቶ፣ ለእኩል ሊወስደው ሲመኘው የኖረውን ጥቁር አፈር፣ በገዛ በሬዎቹ ለየትነበርሽ ሲያርስላት ዋለ።