ሦስት ሰዓት ላይ የሚገቡት ጋሽ ይርጋ

ደብረ ታቦር ውስጥ በአንድ ኮሌጅ የኮምፒውተር ክፍል ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ጠዋት ነው። ኃላፊው አቶ ሞላ የይለፍ ቃሉን በቁራጭ ወረቀት ጽፈው ሰጡኝ። መምህራኑ ሁሉ የሚጋሩት አንድ የሊኑክስ ሰርቨር ነበር። ከእኔ በፊት ይዘውት የነበሩት ጋሽ ይርጋ ከወራት በፊት አርፈዋል።

ሦስት ሰዓት ላይ በማሽኑ የሚሠሩትን ሰዎች ዝርዝር አወጣሁ። ሁለት ስም መጣ፤ የእኔና የጋሽ ይርጋ።

«አቶ ሞላ፣ ጋሽ ይርጋ አርፈዋል አላሉኝም?»

«አስከሬናቸውን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነኝ» አሉ። «ሙት ዓመታቸው ሳይደርስ ግን ስማቸውን እንዳትነካ።»

ከአራት ደቂቃ በኋላ ስሙ ጠፋ።

ማክሰኞ የውኃ ምህንድስና መምህርቷ ሙሉ መጣች። በይፋግ ማሳዎች ላይ የሚተኛውን ጎርፍ የሚያሰላ ፕሮግራም ጽፋለች። የተጻፈውን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው የሰርቨሩ ኮምፓይለር ግን አሮጌ ስለሆነ አልቀበልም አላት። ለሁለተኛ ዲግሪዋ የምትሠራውን የመመረቂያ ጥናት ዓርብ ካላቀረበች ዓመቱን ትደግማለች።

«አዲሱን ጫንልኝ።»

«ዲስኩ ሞልቷል።»

«ታዲያ እዚህ የተቀመጥኸው ማሽኑን ልታሞቀው ነው?»

ዲስኩን የሞላው የጋሽ ይርጋ ፎልደር ነበር። ረቡዕ ጠዋት የአቶ ሞላን ቃል ጥሼ የመሰረዣውን ትእዛዝ ጻፍኩ። የመጨረሻዋን ቁልፍ ሳልጫን ሦስት ሰዓት ሆነና ስማቸው ብቅ አለ። ምን እየሠሩ እንደሆነ አየሁ። የሙሉን ፕሮግራም በኮምፓይለር እየቀየሩ ነበር።

ጠራኋት። አንብባ የወንበሩን መደገፊያ ያዘች።

«ይቺን መስመር እኮ የጻፍኳት ትናንት ከሰዓት ነው!»

ፋይሎቹን አንድ በአንድ ፈተሽኩ። ሙሉ አምና አዲስ ኮምፓይለር ጠይቃቸው ኖሯል። መልስ ሳይሰጧት ታመሙ። ኮምፓይለሩን ግን በራሳቸው ፎልደር ጭነው፣ በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ፕሮግራሟን ቀድቶ የሚሞክር፣ በራሱ የሚነሳ ትእዛዝ ትተው ነበር። ውጤቱ በመዝገብ ይጻፋል። ለወራት በየቀኑ «ሙሉዬ፣ ገና ነው» ይላል። የዚያን ጠዋቱ ግን፣ ማክሰኞ የጻፈቻት መስመር ፕሮግራሙን ስላሟላችው፣ «ሙሉዬ፣ አሁን ሆነ» ይል ነበር።

ሙሉ መዝገቡን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

የእሷ አካውንት ብቻ የጋሽ ይርጋን ኮምፓይለር አስቀድሞ እንዲፈልግ አደረግሁ። ሌሎቹ መምህራን በአሮጌው ቀጠሉ። ዓርብ ጥናቷን አቀረበች፤ አለፈች።

ሙት ዓመታቸው ከዋለ በኋላ ኮምፓይለሩን ሁሉም ወደሚደርስበት ቦታ አዛውሬ አካውንቱን ዘጋሁ። በማግሥቱ ሦስት ሰዓት ላይ ዝርዝሩን አወጣሁ። የእኔ ስም ብቻ ነበር።

በጋራ ማሽን ላይ አዲሱ ከአሮጌው ጎን ይቀመጣል እንጂ በላዩ አይጫንም። የሚሰረዝ ነገር ካለ፣ መጀመሪያ ለማን እየሠራ እንደሆነ ይታያል።