ስንጥቁን በጽሑፍ ያሳወቅኩ ዕለት

ከሀና ማርያም ወጣ ብሎ ባለው የድንጋይ ካባ ሥራ የጀመርኩ ቀን፣ ካቦው ብርሃኑ ከባዱን መዶሻ አስጨበጠኝና "ጠጠር መራገፍ ሲጀምር ወደ ኋላ ሳታይ ሩጥ" አለኝ።

"ወዴት?" አልኩት።

"ድንጋዩ ወደማይመጣበት።"

የደህንነት ሥልጠናዬ ይኸው ነበር። ምስክር ወረቀት አልተሰጠኝም እንጂ ተመርቄበታለሁ።

ካባ ውስጥ ማዕረግ አለ። ከታች ጫኝ ነው። ከዚያ ፈላጭ ይመጣል፤ እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት እዚያ ላይ ነው። ከፈላጭ በላይ ኮምፕሬሰር ይዞ የሚበሳው፣ ከእሱ በላይ ካቦው አለ። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ከመኪናው አይወርድም፤ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ያዝዛል፣ አቧራው ሲመጣ ይዘጋዋል።

ድንጋይ በሥርዓቱ የሚወጣው ከላይ ወደ ታች፣ በእርከን በእርከን ነው። እኛ ግን ከሥር እንቦረቡር ነበር። ሥሩ ሲቦረቦር ላዩ በራሱ ይወርዳል፣ ገልባጩ ቶሎ ይሞላል፣ እኛም ቶሎ ቤታችን እንገባለን። ማንም አላስገደደንም። አሠሪ ጨካኝ ነው እያለ የሚያማርር ፈላጭ ካጋጠማችሁ፣ መጀመሪያ ዲጂኖውን የት እንደሚሰካ ጠይቁት።

የራስ መከላከያ ቆብም ተሰጥቶን ነበር። የሥራ ጓዴ ሙዘይን ቆሎ ይይዝበታል። እኔ እቀመጥበታለሁ። ለመቀመጫ እንከን አይወጣለትም።

ፊደል የቆጠርኩት በአርባ አንድ ዓመቴ ነው፤ ጎፋ ያለው ጸሎት ቤታችን ቅዳሜ ከሰዓት ጎልማሶችን ያስተምር ነበር። እስከዚያ ድረስ ያቀረቡልኝ ወረቀት ሁሉ ላይ አውራ ጣቴን አሳርፌያለሁ። ምን ላይ እንዳሳረፍኩ ጌታ ያውቃል።

መጀመሪያ የገዛሁት መጽሐፍ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን ነው። መጽሐፍ አዟሪው "ጋሼ፣ ጥሩ ጥሩ የጸሎት መጽሐፍም አለኝ" አለኝ።

"የምጣላበት ነው የምፈልገው" አልኩት።

በምሳ ሰዓት ጮክ ብዬ አነብ ጀመር። አሠሪ የአደጋ መከላከያ መስጠት አለበት፣ አጠቃቀሙን ማስተማር አለበት፣ ሥራ ቦታው ጉዳት እንዳያደርስ እርምጃ መውሰድ አለበት። ተጨበጨበልኝ። ገጹን ስገልጥ የሠራተኛ ግዴታ መጣ፤ የተሰጠህን መከላከያ ተጠቀም፣ የደህንነት መመሪያ አክብር፣ ጉድለት ስታይ ወዲያው አሳውቅ። ጭብጨባው ቆመ።

"እሱን ገጽ እለፈው" አለ ሙዘይን።

"ቆሎህን ገልብጥና ቆቡን አድርግ ነው የሚልህ።"

"ቆሎ የሚል ቃል አለው? የታለ፣ አሳየኝ!"

የደህንነት ኮሚቴ ሲቋቋም የሠራተኛ ተወካይ አድርገው እኔን መረጡ። ስለሚወዱኝ አይደለም። ከካቦ ጋር ለመጣላት ፈቃደኛ የሆነ ሰው ይፈለግ ነበር።

አንድ ክረምት መውጫ ላይ ከካባው አናት ስንጥቅ አየሁ። መጀመሪያ ሳየው ጣቴ ገባ። በሳምንቱ ተመልሼ ብሞክር ክንዴ እስከ ክርኔ ድረስ ገባ። ከሥሩ እነ ሙዘይን አሥራ አራት ሆነው ይቦረቡራሉ። ወርጄ ለብርሃኑ ነገርኩት።

"እሱ ስንጥቅ እኔ ካቦ ሳልሆንም ነበር" አለኝ።

"ባለፈው ሳምንት ጣቴ ነው የገባው። ዛሬ ክንዴ ገባ!"

"ከስተህ ይሆናል።"

ለሥራ አስኪያጁ ስልክ ደወልኩ። "እናየዋለን" አለ። በማግስቱ ደወልኩ፤ አሁንም "እናየዋለን" አለ። ሙዘይንን ከዚያ ሥር ውጣ አልኩት። "ሁለት መኪና ቀርቶናል፣ አትነዝንዘኝ" ብሎ ዲጂኖውን ሰካ።

አዋጁን ገለጥኩ። ከባድ አደጋ እንደሚያሰጋ ተነግሮት በጊዜው ያላስተካከለ አሠሪን ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ጥሎት መሄድ ይችላል ይላል። መሄድስ እሄዳለሁ። ግን ነገ አንድ ነገር ቢፈጠር "ማንም አልነገረኝም" ቢል ማን ያስተባብለዋል? በስልክ የተባለ ነገር እንደ ካባው አቧራ ነው፤ ነፋስ ይወስደዋል።

ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። ምሳ ሰዓቴ በሙሉ አለቀ። "የካባው አናት ተሰንጥቋል። ክንዴን ባስገባ እስከ ክርኔ ገባ። ሥሩ ተቦርቡሯል። ሰው ሳይሞት ከላይ ተንዶ ይውረድ።" መብራት ስለጠፋ ፎቶ ኮፒ አልነበረም። ሁለተኛውንም በእጄ ጻፍኩት።

ዋናው ቢሮ ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ነው። ታክሲ ውስጥ ስገባ ረዳቱ አቧራዬን አይቶ "ፋዘር፣ ሰው ነህ ወይስ ሲሚንቶ?" አለኝ። "ሒሳብህን ተቀበልና በሩን ዝጋ" አልኩት።

መዝገብ ቤት የምትሠራው ሂሩት የምትባል ልጅ ናት። ደብዳቤውን አገላብጣ አየችው።

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ ጉዳዩ የሚል የለውም።"

"ጉዳዩማ ሰው ሊሞት ነው።"

"እሱኑ ከላይ ይጻፉትና ያስምሩበት" ብላ ማስመሪያዋን ሰጠችኝ።

"ጉዳዩ፦ ሰው ሊሞት ስለመሆኑ" ብዬ ጻፍኩ፤ በሁለቱም ላይ አሰመርኩ። አሁንም ማህተሙን አላነሳችም። ሥራ አስኪያጁ ሳያዩት ገቢ ማድረግ እንደምትፈራ ገባኝ። ደግማ አነበበችው።

"ከሥሩ ስንት ሰው አለ?"

"አሁን፣ አንቺ ስታነቢው፣ አሥራ አራት።"

መታችው። ቁጥርና ቀን ጽፋ አንዱን ለእኔ መለሰች፣ ሌላውን ይዛ እየሮጠች ገባች።

ሥራ አስኪያጁ ወዲያው ወጣ። እኔን ሳይሆን እጄ ላይ ያለውን ቅጂ ነው ያየው።

"ይሄ ምን ያደርግልሃል?"

"ኪሴ ውስጥ ይቀመጣል።"

ስልኩን አውጥቶ ብርሃኑ ጋ ደወለ። "ሰዎቹን አውጣ። አይ፣ መኪናው እስኪሞላ አይደለም። አሁን!"

"በስልክ ስነግርዎት አልሰሙም ነበር?" አልኩት።

"ሰምቻለሁ" አለ፣ ምንም ሳያፍር። "አሁን ግን መስማቴ ተመዘገበ።"

በሃያ ዓመት ውስጥ ከአለቃ የሰማሁት እውነት ይህ ብቻ ነው።

ስመለስ ጓዶቼ መንገድ ዳር ተደርድረው ተቀምጠዋል። የሚከፈለን በሞላነው መኪና ልክ ነው፤ ሥራ ከቆመ ባዶ እጅ ነው። ብርሃኑ "ፊደል ቆጥሮ ጠበቃ ሆነብን!" ሲል ሁሉም ሳቀ። ሙዘይን ፊቱን አዞረብኝ።

በሦስተኛው ቀን ኤክስካቫተር በጀርባ በኩል ወጥቶ አናቱን ገፋው። አንዴ ነው የገፋው። ግማሹ ካባ ወረደ። አቧራው ሲገለጥ ሙዘይን ይቆምበት የነበረው ቦታ ላይ ሚኒባስ የሚያህል ድንጋይ ጉብ ብሏል።

ሙዘይን ፊቱን ወደ እኔ መለሰ። ከዚያ "ማርቆስ፣ ያን ገጽ እስኪ ድገመው" አለኝ።

በሳምንቱ ለእኔም ደብዳቤ መጣልኝ። የኮሚቴ አባል ሆኜ ሳለ ያለ ቆብ ገደል አፋፍ ላይ በመቆሜ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶኛል ይላል። የጠቆመው ብርሃኑ ነው። ተናደድኩ። ግን አዋጁን ባየው ልክ ናቸው። ራሴ አነበብኩት፣ አንድ የፊደል ስህተት አገኘሁበት፣ በእስክሪብቶ ፈረምኩ። ሂሩት ለፈላጭ ሁሉ እንደለመደችው የጣት አሻራ ቀለሙን ወደ እኔ ገፍታ ነበር፤ መልሳ ወሰደችው።

ካባ ለምትገቡ የምላችሁ ይህ ነው። ከሥር አትቦርቡሩ። አደጋ ስታዩ በሁለት ቅጂ ጻፉ፣ ገቢ አስደርጉ፣ አንዱን ያዙ። መጻፍ የማይችል የሚጽፍለት ይፈልግ። እስኪያገኝ ግን ከሥሩ ይውጣ።